ተረትና እውነታ፦ ልጆችና መቀነስ

«ከትንሽ ቁጥር ላይ ትልቅ ቁጥር አይቀነስም» የሚለው ደንብ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ተደጋግሞ ይነገራል። ደንቡ ግን ስሕተት ነው። 3 ሲቀነስ 7 መልስ አለው፤ ከዜሮ በታች 4 ነው። በሄርሞን ተራራ ላይ 3 ዲግሪ የነበረው ሙቀት በ7 ዲግሪ ሲወርድም ያው ነው። ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር ልጆች የሚማሩት ቆይተው ነው፤ የደንቡ ጉዳት ግን ከዚያ አስቀድሞ ይታያል።

42 − 17 የተሰጠው ልጅ ቁጥሮቹን ላይና ታች ጽፎ ከአሃዶች ቤት ይጀምራል። ከ2 ላይ 7 «አይቀነስም»፤ ስለዚህ ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ያነሣና 5 ይጽፋል። ከ4 ላይ 1 ሲያነሣ ደግሞ 3። መልሱ 35 ሆነ፤ ትክክለኛው 25 ነው። ብዙ ወላጅ ይህን እንደ ግድየለሽነት ስሕተት ይቆጥረዋል። ልጁ ግን የተነገረውን ደንብ አክብሮ ነው የሠራው፤ በሚቀጥለው ጥያቄም ይደግመዋል። ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ብዙዎቹ የስሌት ስሕተቶች እንዲህ ሥርዓት ያላቸው መሆናቸውን አሳይተዋል።

ተመሳሳይ ጥያቄ እየደራረቡ ማሠራት ይህን ስሕተት ያጸናዋል እንጂ አያርመውም። የሚረዳው 42ን በእጅ ማስያዝ ነው፦ አራት ባለ 10 ሼክል፣ ሁለት ባለ 1 ሼክል። 17 ሼክል ለመክፈል አንዱ ባለ 10 መዘርዘር አለበት። ሲዘረዘር ሦስት ባለ 10 እና 12 ባለ 1 ይሆናል፤ ገንዘቡ አልጨመረም፣ አልጎደለም። ከ12ቱ 7፣ ከሦስቱ አንድ ባለ 10 ሲነሣ 25 ይተርፋል። ብራውነልና ሞሰር በ1949 እ.ኤ.አ. ባወጡት የሦስተኛ ክፍል ጥናትም ይህንኑ የመዘርዘር ዘዴ ከነምክንያቱ የተማሩ ልጆች አሠራሩን በቃል ብቻ ከያዙት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል።

በጣት መቁጠር ልጅን ያሰንፋል መባሉም ልክ አይደለም። ልጁ በጣቱ ብዛትን ያያል፤ ሲለምድ ራሱ ይተወዋል። ያለጊዜው የተከለከለ ልጅ ጠረጴዛ ሥር ደብቆ ይቆጥራል።

መቀነስን «ማንሣት» ብቻ አድርጎ ማስተማርም ያጎድላል። እኅት 12 ብይ፣ ወንድም 8 ብይ ቢኖራቸው በስንት እንደምትበልጠው ለማወቅ ይቀነሳል፤ ከማንም ግን የተነሣ ብይ የለም። «ቀረ የሚል ቃል ካለ ቀንስ» የሚለው ምክርም እንዲሁ ያሳስታል፦ 5 ብርቱካን ተበልቶ 3 ከቀረ፣ መጀመሪያ የነበረው በመደመር ነው የሚገኘው።

በሃይፋ አቅራቢያ እንዳለችው ክርያት ቢያሊክ ባሉ ከተሞች፣ ቤት ውስጥ በአማርኛ መቁጠር ልጁን በዕብራይስጥ ትምህርት ያምታታዋል ብለው የሚሰጉ ወላጆች አሉ። ብዛትን በአንድ ቋንቋ የተረዳ ልጅ ግን በሌላው የሚቀረው የቁጥሮቹን ስም መልመድ ነው። እንዲያውም አማርኛ ከ11 እስከ 19 አሥሩን አስቀድሞ ስለሚጠራ ቁጥሩ እንደሚጻፈው ይሰማል፤ ዕብራይስጥ በእነዚህ ቁጥሮች አሃዱን ያስቀድማል።

ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የአቅጣጫው ነገር ነው። የዕብራይስጥ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ሲነበብ፣ ስሌቱ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። ማንበብ ገና የጀመረ ልጅ 9 − 4ን ከቀኝ ተነሥቶ «4 ሲቀነስ 9» ሊለው ይችላል። ከመቁጠሩ በፊት የትኛው ቁጥር ከየትኛው ላይ እንደሚቀነስ በጣቱ እንዲያሳይ መጠየቅ ችግሩ የንባብ ይሁን የሒሳብ ወዲያው ይለየዋል።