ገዢው የማይተኛበት ቤት

ከጅቡቲ መሀል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ «ፒኬ ዱዝ» የሚባል ሰፈር አለ። የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፉ ከባድ መኪናዎች ከነተሳቢያቸው እዚያ ተሰልፈው ይውላሉ፣ ያድራሉ። አንዱ መርከቡ እስኪገባ፣ ሌላው የትራንዚት ሰነዱ እስኪያልቅ፣ ሌላው የመጫኛ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ተራው ነገ ሊደርስ ይችላል፤ ሳምንት ሊገፋም ይችላል። ይህን ሁሉ ጊዜ ሾፌሩ የሚተኛው፣ የሚበላው፣ ቤተሰቡን በስልክ የሚያነጋግረው ጋቢና ውስጥ ነው።

በዚህ መስመር ላይ እንግዲህ ጋቢና ማለት ጎማ ያለው ቤት ነው። ቤት ደግሞ ተመርጦ ይገዛል፣ ተሰናድቶም ይኖሩበታል። ሲገዛ ምኑ ይታያል? ውስጡስ እንዴት ይደራጃል? ወጪው የማን ነው?

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ምቾት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ ወደብ ከቀረ ወዲህ፣ ከኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎት ቢጀምርም፣ ከጭነቱ አብዛኛው አሁንም በጎማ ነው የሚመጣው። የገበሬው ማዳበሪያ፣ የዳቦ ቤቱ ስንዴ፣ የነዳጅ ማደያው ናፍጣ አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ ያሳለፋቸው ሌሊቶች አሉበት።

ከደጋ እስከ ባሕር ጠረፍ

መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ፣ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ሰመራን አልፎ ጋላፊ ላይ ድንበር ይሻገራል። ሌላው መስመር በድሬዳዋና በደወሌ በኩል ነው። የቱንም ቢይዙ፣ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ያደረ ሾፌር፣ ወደቡ ሲደርስ ከባሕሩ እኩል ይሆናል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ጅቡቲ ውስጥ ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ኻምሲን የሚባለው አቧራ የተሸከመ ደረቅ ንፋስም በእነዚሁ ወራት ይነፍሳል። ንፋሱ ሲቆም ደግሞ የባሕሩ ወበቅ ይተካል።

ጋቢና ሲሄድ ሙቀቱ ይቻላል። ሞተሩ ይሠራል፣ ኤሲው ይነፍሳል፣ መስኮቱም አየር ያስገባል። ጉዱ የሚታየው ሲቆም ነው። የፊት መስታወቱ ትልቅ ነው፤ የገባው ፀሐይ ወንበሩንና ዳሽቦርዱን ያግላል፣ የጋለው አየር መውጫ ያጣል። ከስር የሞተሩ ግለት፣ ከላይ የጣሪያው ቆርቆሮ ይጨመርበታል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ ብዙ ጋቢናዎች ለሌሊት ብርድ በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያ አላቸው፤ ፒኬ ዱዝ ላይ ይህ ዕቃ ከጌጥ አይቆጠርም።

ጋቢና ሲመረጥ

ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያን መንገድ የያዘው ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉት ፊያት 682 ኤን 3 ነበር። ጉልበቱ የተመሰከረለት ቢሆንም ለምቾት የታሰበ መኪና አልነበረም። ጋቢና ሰው ቆሞ ልብሱን የሚቀይርበት ክፍል ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው ቮልቮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በኤፍ 12 መኪናው ላይ ጣሪያውን ከፍ አድርጎ ግሎብትሮተር ያለውን ጋቢና አወጣ። ዛሬ በጅቡቲ መስመር ላይ አዲስ አበባ በሚገኘው አምቼ የተገጣጠመው ኢቬኮ ትራከር፣ የቻይናው ሲኖትራክ ሆዎ፣ ቮልቮና ሌሎችም ተቀላቅለው ይታያሉ።

የመኪናው ስም አንድ መሆኑ ጋቢናውን አንድ አያደርገውም፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ትራከር አልጋ የሌለው አጭር ጋቢናም፣ አልጋ ያለው ረጅም ጋቢናም አለው። ሆዎም እንዲሁ ነው፦ ኤችደብልዩ 76 የሚባለው ጣሪያው ዝቅ ያለ ባለ አንድ አልጋ ሲሆን፣ ኤችደብልዩ 79 ጣሪያው ከፍ ያለና ባለ ሁለት አልጋ ነው። በከተማ ውስጥ አሸዋና ጠጠር ለማመላለስ የታሰበ ገልባጭ አጭር ጋቢና ቢኖረው ያስኬዳል፤ ሾፌሩ ማታ ቤቱ ይገባልና። ያው መኪና ተሳቢ ተቀጥሎለት ጅቡቲ ሲላክ ግን ሾፌሩና ረዳቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያነጋሉ፤ አለዚያም ከተሳቢው ስር ምንጣፍ ያነጥፋሉ።

ሁለተኛው አልጋ ቅንጦት የሚመስለው ረዳቱን ለሚረሳ ሰው ነው። ጎማ የሚቀይረው፣ ሸራ የሚያስረው፣ ሌሊት ነዳጅና ጭነት የሚጠብቀው እሱ ነው። ረዳቱ እንቅልፍ ካጣ ሾፌሩም ተረጋግቶ አይተኛም።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬውን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ካመሳከረ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ካስፈተሸ በኋላ፣ ጋቢናውንም ለብቻው ማየት አለበት። ምንጣፉን ገልጦ ወለሉ መዛጉን፣ የበሩ ጎማ መድረቁን፣ የፊት መስታወቱ ዙሪያ ውሃ ማስገባቱን ይመለከታል። በሩ ዙሪያ ብርሃን ከታየ አቧራም ይገባል፣ ቅዝቃዜም ይወጣል። ኤሲው ጠዋት በብርድ ሳይሆን እኩለ ቀን ላይ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ይፈተናል። የጣሪያ መስኮቱ የሚከፈት መሆኑም መታየት አለበት፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ያቺ ትንሽ ክዳን ከሁለቱ የጎን መስኮቶች የበለጠ ትሠራለች።

በመጨረሻ ጋቢናው ይገለበጥ። የዛሬ መኪናዎች ሞተራቸው የሚገኘው ከጋቢናው ስር በመሆኑ፣ ሜካኒኩ ሊሠራ ሲፈልግ ጋቢናው በፓምፕ ተነሥቶ ወደፊት ይደፋል። ፓምፑ የሚያንጠባጥብ፣ መቆለፊያው የላላ ከሆነ ሌላው ቢያምርም ዋጋው መውረድ አለበት።

ይህ መገልበጥ የቤቱንም አደረጃጀት ይወስናል። ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ መስታወቱ ላይ ይከመራል፤ ክዳኑ ያልጠበቀ የዘይት ጠርሙስ ፍራሹን አበላሽቶ ነው የሚቆመው። ልምድ ያለው ሾፌር ስለዚህ ድስቱን፣ ጀበናውንና ሲኒውን፣ ሽሮና በርበሬውን የሚያስቀምጠው ከጋቢናው ውጭ ሻንሲው ላይ በታሰረ ባለ ቁልፍ ሳጥን ውስጥ ነው። ጋቢናው ውስጥ የሚቀረው ልብስ፣ ሰነድና መኝታ ይሆናል።

መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ አየር

ጋቢና ሲሰናዳ ገንዘቡ በቅደም ተከተል ቢወጣ ይበጃል። ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጌጡ ነው፦ ባለ ዘርፍ መጋረጃ፣ የወንበር ልብስ፣ የዳሽቦርድ ምንጣፍ፣ የማርያም ወይም የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል፣ «ማሻአላህ» የሚል ጽሑፍ። ጌጡ ቤቱን የራስ ያደርገዋል፤ ሊናቅ አይገባም። ሙቀቱን ግን አይመልስም።

ሙቀቱን የሚመልሰው አንደኛ ጥላ ነው፤ ርካሹም እሱ ነው። ጅቡቲ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በበጋዋ የእኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ የሙቀቱ ዋና መግቢያ ጣሪያው ነው። ነጣ ያለ ሸራ ከጣሪያው የአንድ መዳፍ ያህል ከፍ ብሎ ቢወጠር፣ በመካከሉ አየር ስለሚያልፍ ቆርቆሮው ላይ ከተለጠፈ ሸራ የተሻለ ይሠራል። ለፊት መስታወቱ የሚያብረቀርቅ መከላከያ ሲገዛ፣ ፀሐዩን ወደመጣበት የሚመልሰው ከውጭ በኩል ሲሸፈን ነው። ቦታ መምረጥ ከተቻለም አፍንጫውን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ማቆም ይሻላል፤ ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ይገባል፣ የከሰዓቱ ከባድ ፀሐይ ግን የሚያገኘው የጋቢናውን ጀርባ ነው።

ሁለተኛው አየር ነው፤ አየር ሲገባ ደግሞ ትንኝ ይገባል። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ጅቡቲ ውስጥ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በከተማ መሀል፣ በውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃ ውስጥ ትራባለች። በዚያ ዓመት አገሪቱ የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ ከ70 ሺህ አለፈ። ስለዚህ በመስኮቱና በጣሪያው ክዳን ልክ የተሰፋ፣ ዙሪያው የሚጣበቅ የትንኝ መረብ ከመጋረጃው ይቀድማል። የውሃ ጀሪካንም ክዳኑ ሁልጊዜ መዘጋት አለበት።

ባትሪው የሚሞትበት መንገድ

ሦስተኛው መብራት ነው። ከባድ መኪና የሚሠራው በ24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው ይሰጡታል። የሚገዛው ሬዲዮና ቬንትሌተር ግን ብዙ ጊዜ የ12 ቮልት ነው። ቀላሉ መንገድ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ሽቦ መጥለፍ ነው። መሥራቱን ይሠራል። ነገር ግን አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ እየጎደለ፣ ሌላው ከልኩ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ጊዜያቸው ሳይደርስ ያልቃሉ። ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር ዋጋው ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ ሒሳብ ይመጣል። 200 አምፔር ሰዓት የሚይዙ ሁለት ባትሪዎች ቢኖሩ፣ ሞተር ለማስነሣት ግማሹን መተው ግድ ነውና የሚፈቀደው 100 ነው። አንድ አምፔር ገደማ የሚበላ ቬንትሌተር በዚህ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ይተርፈዋል። ሞተር ጠፍቶ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ኤሲ ግን 30 አምፔር ቢጎትት ከሦስት ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ለእሱ የተለየ ባትሪ፣ ሲቻልም ጣሪያው ላይ የፀሐይ ፓነል ያስፈልጋል። ፓነሉ በጎኑ ለቆርቆሮው ጥላ ይሆነዋል። ኤሲውን ሞተር አስነሥቶ ማሠራት ሦስተኛው አማራጭ ነው፤ ይህ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል፣ በስምንት ሰዓት እንቅልፍ ከ16 እስከ 24 ሊትር መሆኑ ነው። ተደርድረው የቆሙ መኪናዎች ጭስ ወደ ጎረቤት ጋቢና እንደሚገባም መዘንጋት የለበትም።

ውሃና እሳት

ጅቡቲ ውስጥ ገበታ ርካሽ አይደለም። ፍራንኩ ለአሠርት ዓመታት በ177.7 ሒሳብ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ብር ደግሞ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከዶላር አንጻር በእጅጉ ወርዷል። አበሉን በብር የሚያስብ ሾፌር በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን ከቤቱ ይዞ ቢወጣ አያስገርምም።

ምግብ ግን የሚበስለው ከጋቢና ውጭ መሆን አለበት። በተዘጋ ጋቢና ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ሽታ በሌለው ጋዝ ተኝቶ መቅረትን ያመጣል። ቦቴ የሚያሽከረክር ሰው ደግሞ መኪናው አጠገብ ጨርሶ እሳት አያነድም። ባዶ ቦቴ የነዳጅ ተን ስለሚይዝ ከሙሉው የሚተናነስ አደጋ የለውም።

ለውሃ ጥንታዊው ዘዴ ዛሬም አልተሻረም። ጀሪካኑ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ጆንያው ረጥቦ ንፋስ በሚያገኝበት በኩል ይንጠለጠላል። ከጆንያው የሚተነው ውሃ የጀሪካኑን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በአፋር ደረቅ አየርና በኻምሲን ጊዜ ግሩም ይሠራል፤ ጠረፍ ላይ ወበቁ ሲከብድ ግን አየሩ ራሱ ውሃ ስለጠገበ ብዙም አይረዳም።

ወጪው የማን ነው?

ይህ ሁሉ ተደምሮ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የማይደረገው ብዙ ጊዜ በገንዘብ እጥረት አይደለም። ባለሀብቱ መኪና ሲገዛ የሚያየው የመጫን አቅሙን፣ የነዳጅ ፍጆታውንና የመለዋወጫውን ዋጋ ነው፤ አልጋው ላይ አይተኛበትም። አልጋው ላይ የሚተኛው ሾፌር ደግሞ መኪና ሲገዛ አይጠየቅም። መረቡን፣ ቬንትሌተሩን፣ ሸራውን ከአበሉ ቆጥቦ ያሟላል፤ ሥራ ሲለቅ ነቅሎ ይሄዳል፣ ወይም ለሚተካው ሰው ትቶለት ይከስራል።

በአውሮፓ ኅብረት ሾፌር መደበኛውን የ45 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍቱን መኪናው ውስጥ እንዳያሳልፍ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የኅብረቱ ፍርድ ቤት በይኗል፤ የተመቸ ማረፊያ የማቅረቡ ወጪም በ2020 በወጣ ደንብ በአሠሪው ላይ ተደርጓል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለሠራተኛ በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ያ ዕረፍት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ጋቢናው ውስጥ እያለ ነው። ሆቴል ይከፈልለት ማለት ለዛሬ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ከዚያ በመለስ ያለው ግን ቅርብ ነው፦ ባለሀብቱ መኪና ሊመርጥ ሲሄድ ሾፌሩን ይዞት ይሂድ፤ ጥላው፣ መረቡና የተለየው ባትሪ እንደ መጠባበቂያ ጎማ ከመኪናው ጋር ተቆጥረው ይገዙ፣ በርክክቡም ላይ ይጻፉ። ሌሊቱን በላብ ሲገላበጥ ያነጋ ሾፌር ጠዋት ተራው ደርሶት የጫነውን ኮንቴይነር ይዞ ወደ ጋላፊ ይወጣል፤ የእንቅልፉን ጉድለት መንገድ ላይ የሚከፍለው እሱ ብቻ አይሆንም።