የትንሿ ጊታር ዕድሜ

በመንትዮቹ ከተሞች ወደሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ጎራ ያለ ሰው ግድግዳው ላይ ክራር ተሰቅሎ ቢያይ አይደንቀውም። አልፎ አልፎ ግን ከክራሩ ጎን አራት ክር ያላት ትንሽ ጊታር ትታያለች። አንዷ ከጋራዥ ሴል ለልጅ የተገዛች ናት፤ ሌላዋን ቤተሰቡን ስፖንሰር ያደረጉ አሮጊት ያበረከቷት ትሆናለች፤ ሌላዋ ደግሞ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ተጉዛ የመጣች። ስሟ ዩኩሌሌ ይባላል።

«ስንት ዓመቷ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሻጭ «የ1920ዎቹ ናት» ብሎ እጥፍ ሲያስከፍል፣ ገዢም «ተራ መጫወቻ ናት» ብሎ በሳንቲም ሲወስድ የሚጎዳው ያላወቀው ወገን ነው። ከገንዘቡም በላይ አንዳንዴ የአባት ቃል ለፍርድ ይቀርብበታል። ወደዚያ እንመጣለን። ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ግን ከወዲሁ ያዙልን።

ዩኩሌሌ የሃዋይ ናት ቢባልም እንደ እኛው የስደተኛ ልጅ ናት። በነሐሴ 1879 ራቨንስክራግ በተባለች መርከብ ከፖርቱጋሏ ማዴይራ ደሴት ተነሥተው ለሸንኮራ እርሻ ሥራ ሆኖሉሉ የገቡ ሰዎች የአገራቸውን ትንሽ መሣሪያ ይዘው መጡ፤ ያው መሣሪያ በሃዋይ እንጨት ተሠርቶ ዩኩሌሌ ሆነ። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ አሜሪካኖች ሰሙትና አበዱለት። በማግስቱ ዓመት በፔንሲልቫኒያ ናዝሬት (ናዝሬት ሲባል አዳማ ትዝ የሚለን እንታገሥ) ማርቲን የተባለው ፋብሪካ በብዛት ማምረት ጀመረ። በዚያው በ1916 ሲርስ ሮበክ የቺካጎውን የሃርመኒ ፋብሪካ ጠቅልሎ ገዛ።

የሲርስ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በሌክ ስትሪትና በቺካጎ አቬኑ መገናኛ ላይ የቆመው፣ ዛሬ ሚድታውን ግሎባል ማርኬት ያለበት ባለ ግንብ ሕንፃ በ1928 ሲከፈት የሲርስ መደብርና በካታሎግ የታዘዘ ዕቃ መላኪያ ነበር። በ1994 ተዘጋ፤ ገበያው የተከፈተው በ2006 ነው። በሴንት ፖል ሚድዌይም ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ የተፎካካሪው የሞንትጎመሪ ዋርድ ግዙፍ ሕንፃ ነበር። የሚኒሶታ ገበሬ ማረሻውንም፣ የልጁን ጫማም፣ ዩኩሌሌውንም ያዘዘው ከእነዚህ ካታሎጎች ነው። ስለዚህ በከተማችን የአሮጌ ዕቃ መደብር ውስጥ የምትገኘው ከናዝሬት ይልቅ ከቺካጎ የመጣች ብትሆን አይግረማችሁ። ራሷ ላይ ሱፐርቶን የሚል ካለ ሲርስ እስከ 1940 ገደማ የተጠቀመበት ስም ነው፤ ሲልቨርቶን የሚል ካለ ከዚያ ወዲህ ነው። ሃርመኒ ራሱ በ1940 ከሲርስ እጅ ወጥቶ፣ በብዙ ስም እያመረተ እስከ 1975 ቆይቶ ተዘጋ።

ከስሙ ቀጥሎ የእጅ ባትሪ አብሩና በድምፅ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ተመልከቱ። በሃርመኒ ትልልቅ ጊታሮች ሆድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዓመቱን የሚጠቁም የቀለም ማኅተም አለ፤ በዩኩሌሌዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ኤች በሚለው ፊደል የሚጀምር ቁጥር ብታገኙ የሞዴል ቁጥር ነውና እንደ ልደት ቀን አትቁጠሩት። ማርቲንም ቢሆን ለዩኩሌሌ ተከታታይ ቁጥር የሰጠው መጀመሪያ አካባቢ ለተሠሩት ብቻ ነው። የእርሱን ዕድሜ የሚናገረው ማኅተሙ ያለበት ቦታ ነው፦ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ስሙ ከራሷ በስተ ጀርባ እንጨቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ከፊት የተለጠፈ ጽሑፍ ሆነ። የክር መቃኛዎቹም ቀድሞ እንደ ክራራችን እንጨት ነበሩ፤ በ1920ዎቹ በብረት ተተኩ።

መያዣ ሣጥኑን አትጣሉ። ብዙ ሰው መሣሪያዋን አገላብጦ ሲያበቃ ምስክሩን ከሣጥኑ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ይከታል። የሱቅ ወረቀት ተለጥፎበት አድራሻው «ሚኒያፖሊስ 7» ዓይነት አጭር ቁጥር ካለው፣ ያ አጻጻፍ ከ1943 እስከ 1963 የተሠራበት ነው፤ ዛሬ የምናውቀው ባለ አምስት አኃዝ ዚፕ ኮድ የመጣው በ1963 ነው። «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ካለ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ እስከ 1952 ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ናችሁ።

ፕላስቲክ ሌላው ምስክር ነው። ጣሊያን ተወልዶ አሜሪካ የገባው ማሪዮ ማካፌሪ ሙሉ በሙሉ ከፕላስቲክ የተሠራችውን አይላንደር የተባለች ዩኩሌሌ በ1949 ለገበያ አቀረበና በሚሊዮን የሚቆጠር ሸጠ። ሃርመኒም በ1950ዎቹ ጣት የሚያርፍበትን የአንገቷን ሰሌዳ ከእንጨት ወደ ፕላስቲክ ለወጠ። እንግዲህ ዳኝነቱ እንዲህ ነው፦ መሣሪያዋ አብሯት ከተሠራው አዲስ ነገር በላይ አታረጅም። «አብሯት የተሠራ» የምትለዋ ቃል ግን ትጠበቅ። ክር በየጊዜው ይለወጣል፤ የናይሎን ክር ስላላት የቅርብ ጊዜ ናት ማለት አይቻልም። መቃኛም ይለወጣል። የአንገት ሰሌዳ ግን በቀላሉ የሚለወጥ አይደለም።

ስንጥቅም አያታልላችሁ። ሻጭ የተሰነጠቀ ሆድ እያሳየ «እርጅናዋን ተመልከት» ይላል። በሚኒሶታ ጥር ማሞቂያው ቀን ከሌት ሲነድ የቤቱ አየር ደርቆ ዓምና የተገዛ እንጨት ይሰነጥቃል።

አሁን ወደ አባት ቃል እንምጣ። አንድ ቤተሰብ «አባታችን በ1950 ፒያሳ የገዟት ናት» ይላል እንበል። አሮጌ ዕቃ ዐዋቂው አገላብጦ ያይና የፕላስቲኩን ሰሌዳ አሳይቶ፣ «ይህ ሞዴል በ1950 ገና አልተሠራም፤ ታሪካችሁ ስሕተት ነው» ይላቸዋል። እዚሁ ተወልደው ያደጉት ልጆችም አባታቸው ያጋነኑ ይመስላቸዋል። አባት ግን የቆጠሩት በአገራቸው አቆጣጠር ነው። የእኛ 1950 ዓ.ም. ለፈረንጆቹ ከመስከረም 1957 እስከ መስከረም 1958 ድረስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባለ ፕላስቲክ ሰሌዳዋ በገበያ ላይ ነበረች። ፋብሪካውም አባትም እውነት ተናግረዋል፤ የጠፋው አስተርጓሚ ነው።

ስለዚህ በሕይወት ያሉ ወላጆቻችሁን ስትጠይቁ ዓመቱን ብቻ ሰምታችሁ አትነሡ። «ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ነው በኋላ?» በሏቸው። ግርግሩ በ1953 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓው ታኅሣሥ 1960። «የሰላም ጓድ አስተማሪዬ ሲሄዱ የሰጡኝ» ካሉም የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓዶች ኢትዮጵያ የገቡት በአውሮፓው መስከረም 1962 ነውና ስጦታው ከዚያ ሊቀድም አይችልም። መሣሪያዋ የተሠራችበትና ቤታችሁ የገባችበት ዓመትም አንድ ላይሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ለየብቻ ጽፋችሁ ያዙ፤ አቆጣጠሩንም አብራችሁ ጻፉ።

በነገራችን ላይ፣ በ1968 ዩኩሌሌ ታቅፎ በቀጭን ድምፅ እየዘፈነ አሜሪካን ያሳቀው ታይኒ ቲም የዚህ ከተማ ሰው ሆኖ ነው የሞተው። አባቱ ሊባኖሳዊ፣ እናቱ አይሁዳዊት ስደተኞች ነበሩ። በኅዳር 1996 እዚሁ ሚኒያፖሊስ መድረክ ላይ ሳለ ሕመም ጣለው፤ መቃብሩም በሌክዉድ ነው። በእርሱ ዘመን የተሸጡ ብዙ ዩኩሌሌዎች ዛሬም በከተማችን ምድር ቤቶች ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹም ውድ ዋጋ አያወጡም።

የእናንተዋም ከእነዚያ አንዷ ከሆነች ክሯን ለውጡና ለልጆቹ ስጧቸው። የተለመደው ቅኝቷ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ነው። ከትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች አራቱ ምንም ሳይነኩ በባዶ ክር ይገኛሉ ማለት ነው። የቀረችው ሬ የዶን ክር ሁለተኛው የብረት መስመር ላይ ሲጫኑ ትወጣለች።