«አርፈሽ ተቀመጪ»፦ ስለ ፓርኪንሰን የሚባለውና እውነታው

ፓርኪንሰን በገባበት ቤት ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ቃል «አርፈሽ ተቀመጪ» ነው። ልጅ ይለዋል፣ ጎረቤት ይለዋል፣ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ይደግመዋል። በሽተኛ ባረፈ ቁጥር ይሻለዋል፣ ደግ ቤተሰብም ሁሉን የሚሠራለት ነው ተብሎ ይታመናል። ከፍቅር ስለሚመጣ ለመቃወም ያስቸግራል፤ ምክንያትም አያጣም። በአዲስ አበባ ፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው፣ እግሯ የሚተሳሰርባትን እናቱን ብቻዋን መልቀቅ ቢፈራ አይፈረድበትም።

ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ነውና ዕረፍት አይመልሳቸውም። መንቀጥቀጡ እንኳ በብዙዎች ላይ የሚብሰው እጅ ሲያርፍ ነው፤ ሥራ ሲይዝ ጋብ ይላል። ተቀምጦ የሚውል ሰው ሰውነቱ ይገተራል፣ ሚዛኑ ይከፋል፣ በመጨረሻም ያ የተፈራው መውደቅ ይመጣል።

ከሰውነቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የመንፈሱ ጉዳት ነው። ፒያሳ አንድ ቤት ውስጥ እናትየው ሲኒ ሲያቀብሉ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ቡናው ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። እንግዳ ነበር። ልጅየዋ ደንግጣ «እማዬ፣ ተይው፣ እኔ እቀዳለሁ» አለች። ከዚያ ወዲህ ጀበናው ወደ እሳቸው አልተመለሰም። ቀጥሎ በየወሩ በ23 ጊዮርጊስን መሳለሙ ቀረ፤ እድሩንም ልጅ ይሄድላቸው ጀመር። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሴትየዋ ግን በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆኑ። ቡናውን እሳቸው ቢቆሉት፣ ሲኒው ጎደል ተደርጎ ቢቀዳ፣ የሚፋጀውን ጀበና ልጅ ብታነሳ ይበቃ ነበር። የቱን መርዳት፣ የቱን መተው እንደሚገባ ቁርጥ ያለ ደንብ የለም፤ ጠዋት የተቻለው ከሰዓት በኋላ፣ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ፣ ሊያቅት ይችላል። ስለዚህ ባለጉዳይዋን ራሷን መጠየቅ ነው። ሊጠይቁ መጥተው፣ ታማሚዋ እየሰማች፣ ልጆቿን «ትበላለች? ትተኛለች?» የሚሉ ሰዎች ትዕግሥቴን ያስጨርሱኛል። እሷው አለች፤ እሷን ጠይቋት!

የታማሚዋ ፊት መቀዝቀዙም «ኩርፊያ» ይባላል። ፓርኪንሰን የፊት ጡንቻን ያዘገያል፣ ድምፅንም ያሳንሳል፤ ፈገግታው ፊት ላይ ባይታይም ደስታው ውስጥ ሊኖር ይችላል። እውነተኛው ድብርት ደግሞ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉን በአንድ ወቅት ያገኛቸዋል። ከአንጎሉ ለውጥ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንዳንዴ መንቀጥቀጡ ከመታየቱ ዓመታት ቀድሞ ይጀምራል። «ራስሽን አጠንክሪ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ከንቱ ነው። ድብርት ይታከማል፤ ለሐኪሙ ስለ እጇ ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፏና ስለ ሐዘኗም ይነገረው።

«የእርጅና ነው» ይባላል። ቦክሰኛው መሐመድ አሊ ግን በ1984 እ.ኤ.አ. ሕመሙ ሲነገረው 42 ዓመቱ ነበር። ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ባሸነፈችበት በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክም፣ ዓለም እያየው፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ የመክፈቻውን እሳት ለኩሷል። «ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል»፣ «እርግማን ነው» የሚሉት ሁለቱም ሐሰት ናቸው። ጸበል መጠመቅ የእምነት ነገር ነው፤ ለጸበል ተብሎ የሕመሙን መድኃኒት ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ግን ከባድ ትኩሳትና መገተር አምጥቶ ሊገድል ይችላል። «ባቄላ ለፓርኪንሰን መድኃኒት ነው» የሚባለው ከፊል እውነት አለው፤ ሌቮዶፓ በውስጡ ይገኛል። መጠኑ ግን ስለሚለያይ ክኒኑን አይተካም።

«ጎረቤት መች ይጠፋል» የሚለውም ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙው ጎረቤት ወደ ከተማዋ ዳር ተበተነ። ራሳቸው ሕመሙ ያገኛቸው ወይዘሮ ክብራ ከበደ በአዲስ አበባ የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ያቋቋሙት ታማሚ ብቻውን መቅረት ስለሌለበት ነው። በየቤቱ ግን ሸክሙ አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ እሷም ትደክማለች፣ እሷም ትደበራለች። ወንድሞቿ ቢያንስ ቅዳሜን ይረከቧት፤ መድኃኒቱ የሚዋጥበትን ሰዓትም እነሱ ራሳቸው ይወቁት።