ለሲም ሬሲንግ የሚሆን ስክሪን አመራረጥ

ሲም ሬሲንግ ማለት ቤት ውስጥ መሪና ፔዳል ይዞ፣ የእውነተኛ መኪናን ባሕርይ በሚከተል የኮምፒውተር ወይም የፕሌይስቴሽን ጨዋታ መወዳደር ነው። እውነተኛ መኪና የሚነዳ ሰው ፍሬን ሲይዝ ቀበቶው ደረቱን ይጫነዋል፣ ኩርባ ሲገባ አካሉ ወደ ጎን ይገፋል፣ የኋላ ጎማዎች መንሸራተት ሲጀምሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይታወቀዋል። ቤት ውስጥ ግን ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኞቹ የሉም። መሪው እጅን ይታገላል፣ የሞተሩ ድምፅ ጆሮ ይደርሳል፤ የቀረውን ሁሉ የሚሸከመው ዓይን ነው። ፍሬን የሚያዝበትን ቦታ፣ የኩርባውን መጥበብ፣ የተፎካካሪውን ርቀት የሚናገር ሌላ ምንጭ ስለሌለ ስክሪኑ አነዳዱን በቀጥታ ይወስነዋል።

ለምርጫ የሚቀርቡት አራት ናቸው፦ አንድ መደበኛ ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን፣ በጣም ሰፊ የሆነ አንድ ሞኒተር፣ ጎን ለጎን የሚቆሙ ሦስት ሞኒተሮች፣ እና ጭንቅላት ላይ የሚታሰር የቪአር መነጽር። ገዢዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ስንት ኢንች ይሁን ከሚለው ጥያቄ ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዓይንና ስክሪን በምን ያህል ርቀት ይቀመጣሉ?

ምክንያቱ ቀላል ነው። ስክሪን እንደ መስኮት ነው፤ ሰው ወደ መስኮት በቀረበ ቁጥር ከውጭው ዓለም የሚታየው ይሰፋል። ይህ ስፋት የእይታ ማዕዘን ይባላል፤ የሚለካውም በዲግሪ ነው። 27 ኢንች ሞኒተር ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዓይን 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲቀመጥ 53 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ሲገፋ ግን ማዕዘኑ ወደ 41 ዲግሪ ይወርዳል። በየሰፈሩ ባሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች እግር ኳስ የሚጫወት ሰው ከቴሌቪዥኑ ሁለት ሜትር ርቆ ቢቀመጥ ምንም አይጎድልበትም፤ ሜዳውን ከላይ ነውና የሚያየው። የመኪና ውድድር ግን ከሾፌሩ ወንበር የሚታይ ጨዋታ ነው። በሁለት ሜትር ርቀት የተሰቀለ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን የሚሸፍነው 34 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አፍንጫ ሥር ካለ ባለ 27 ኢንች ሞኒተር እጅግ ያንሳል። ከሞኒተሩ ጋር እኩል እንዲሆን 1 ሜትር ከ20 ድረስ መቅረብ አለበት።

የሰው ሁለት ዓይኖች በአንድነት ወደ ጎን ወደ 200 ዲግሪ የሚጠጋ ስለሚያዩ፣ አንድ ሞኒተር ሁልጊዜ የጎደለ ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዙ ጀማሪዎች በጨዋታው ማስተካከያ ገብተው የእይታውን ማዕዘን እስከ 90 ዲግሪ ይለጥጡታል። መስታወቶቹም፣ የጎን መስኮቶቹም በትንሹ ስክሪን ላይ ይገባሉ፤ መኪናውም የሚበር ይመስላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሰፊው ምስል በጠባብ ቦታ ሲታመቅ ፊት ለፊት ያለው ሁሉ አንሶና ርቆ ይታያል፤ ኩርባው ገና ሩቅ ነው የተባለ እንደሆነ መኪናው ደርሶበታል። ትክክለኛው ማዕዘን ሲገባ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ፍጥነቱ የቀዘቀዘ፣ እይታውም የጠበበ ይመስላል። ጥቂት ቀናት ከተለማመዱት በኋላ ግን ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ከዙር ዙር መመሳሰል ይጀምራል፤ በውድድር ጊዜ የሚቆጥበውም ይኸው ነው።

ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ከሁለት ልኬቶች ነው፤ የስክሪኑ ወርድና የዓይን ርቀት። ሰውየው እንደሚነዳ ሆኖ ጀርባውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ፣ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው ከዓይኑ እስከ ስክሪኑ መሃል በሜትር ይለካል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ የቀረበው አይሬሲንግ የተባለው ጨዋታ የሚጠይቀው የጎን ለጎኑን ማዕዘን ሲሆን፣ አሴቶ ኮርሳ የተባለው ደግሞ ከላይ ወደ ታች ያለውን ይጠይቃል። ለዚያው ባለ 27 ኢንች ሞኒተር በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በመጀመሪያው 53፣ በሁለተኛው 31 ተብሎ ይገባል። የአንዱን ቁጥር ወደ ሌላው መገልበጥ ሁሉን ነገር ያዛባል።

ርቀቱን ለመቀነስ ሞኒተሩ ከመሪው ሞተር ጀርባ ተጠግቶ መቆም አለበት። የራሱ እግር ብዙ ጊዜ ለዚህ አይመችም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ክንድ ወይም ለብቻው የቆመ ብረት ይሻላል። ከፍታውም የሾፌሩ ዓይን በስክሪኑ መሃል ትይዩ እንዲሆን ይስተካከላል። በጨዋታው ውስጥ የሚታየውን መሪና የሾፌር እጅ ማጥፋትም ይጠቅማል፤ እውነተኛው መሪ ፊት ለፊት እያለ ሁለተኛ መሪ ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም።

በአንድ ሞኒተር ለሚጀምር ሰው ጥሩው ምርጫ 32 ኢንች ነው። ወርዱ 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት 61 ዲግሪ ይሰጣል። በዚህ ቅርበት 1920 በ1080 ፒክስል ያለው ምስል ነጥብ ነጥቡ ይታያል፤ 2560 በ1440 ተመራጭ ነው። ወርዱ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው ባለ 34 ኢንች ሰፊ ሞኒተርም በዚያው ርቀት 67 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል።

በሄርዝ የሚለካው የምስሉ እድሳት ፍጥነት፣ ማለትም ስክሪኑ በሰከንድ የሚያሳየው የምስል ብዛትም ሊታይ ይገባል። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 69 ሜትር ያልፋል። በ60 ሄርዝ ስክሪን ላይ በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ከአንድ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በ144 ሄርዝ ግን ይህ ወደ ግማሽ ሜትር ይወርዳል። ልዩነቱ መኪናው መንሸራተት ሲጀምር ቶሎ ለማረም ይረዳል። በቴሌቪዥን የሚጫወት ሰው የጨዋታ ሁነታውን ሳያበራ መጀመር የለበትም፤ አለዚያ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር የሚያባክነው ጊዜ መሪው ከተዞረ በኋላ መኪናው ዘግይቶ የሚታዘዝ ያስመስለዋል።

በጣም ሰፊ ከሆኑት ሞኒተሮች ዋነኛው ባለ 49 ኢንቹ ነው። በአንድ ኬብል ይሠራል፣ መሃል ላይ የሚያቋርጥ ጠርዝ የለውም፤ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ባለው ርቀት ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይሸፍናል። በ2020 የወጣው ሳምሰንግ ኦዲሲ ጂ9 የዚህ ዓይነት ነው፤ 5120 በ1440 ፒክስል አለው፣ ጎኖቹም ወደ ተመልካቹ ጎብጠዋል። ሁለት ነገሮች ግን መታወቅ አለባቸው። ቁመቱ ከባለ 27 ኢንች ሞኒተር ቁመት አይበልጥም፤ ሁለት ባለ 27 ኢንች ጎን ለጎን እንደ መግዛት ነው። ደግሞም ጨዋታው ምስሉን እንደ አንድ ዝርግ ሸራ ከሳለው፣ ጫፎቹ ላይ ያሉ መኪናዎች ተለጥጠው ይታያሉ።

ሦስት ሞኒተሮች የሚሰጡት ጥቅም በቤልጂየሙ የስፓ ፍራንኮርሻም ትራክ የመጀመሪያ ኩርባ፣ በላ ሱርስ፣ በግልጽ ይታያል። ላ ሱርስ መኪናውን ወደ መጣበት ሊመልሰው ጥቂት የሚቀረው ጠባብ የቀኝ ኩርባ ነው። ሾፌሩ መሪውን ማዞር ሲጀምር ሊያነጣጥርበት የሚገባው የኩርባው የውስጥ ጠርዝ ፊት ለፊቱ አይደለም፤ በስተቀኝ በኩል ነው። በ53 ዲግሪ እይታ ያ ጠርዝ ከስክሪኑ ውጭ ስለሚሆን ሰውየው በትዝታ ይገባል። ውድድሩ ገና ስለተጀመረ ሁሉም ተጠጋግተው ወደዚያው ይጎርፋሉ፤ ጎኑ የገባውን መኪና ባለ አንድ ሞኒተሩ የሚያውቀው ጨዋታው በሚያሳየው ራዳር ወይም በጆሮ በሚሰማ ማስጠንቀቂያ ነው። ሦስት ባለ 32 ኢንች ሞኒተሮች በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት 180 ዲግሪ ያህል ስለሚሸፍኑ፣ ሾፌሩ ፊቱን ወደ ቀኝ መልስ ሲያደርግ ጠርዙንም የጎን ተፎካካሪውንም ያያል። ጎን ለጎን መፋለም ለሚወድ ሰው ይህን የሚተካ የለም።

ድካሙ ግን ብዙ ነው። ሦስቱም አንድ ሞዴል መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ቀለምና ብርሃናቸው ይለያያል። የጎኖቹ ሞኒተሮች ከመሃሉ ጋር ወደ 60 ዲግሪ ዞረው ይቆማሉ። የእያንዳንዱ ወርድ፣ የጠርዙ ውፍረት፣ ማዕዘኑና የዓይን ርቀቱ ወደ ጨዋታው ይገባል። ጨዋታውም ለእያንዳንዱ ስክሪን የየራሱን እይታ መሳል የሚችል መሆን አለበት፤ ካልሆነ የጎኖቹ ምስል ይለጠጣል። ሦስት ጊዜ 2560 በ1440 ከ11 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ነው፤ አንድ 4ኬ ስክሪን እንኳ ከ8.3 ሚሊዮን አያልፍም። ስለዚህ ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ከሌለ ሦስት ሞኒተር ገዝቶ ጨዋታው ሲንቀራፈፍ ማየት ይመጣል። ቦታም ያስፈልጋል፤ ተሰድረው ሲቆሙ ከጫፍ ጫፍ 1 ሜትር ከ40 ገደማ ይሆናሉ።

የቪአር መነጽር በተለየ መንገድ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ምስል ስለሚያሳይ ጥልቀት ይሰጣል፤ የትራኩ ቁልቁለትና ዳገት፣ የፊተኛው መኪና ርቀት፣ የኩርባው ስፋት በእውነተኛ መጠናቸው ይታያሉ። ማዕዘን ማስላት አያስፈልግም፤ ጭንቅላት ወደዞረበት እይታውም ይዞራል። በ2023 የወጣው ሜታ ኩዌስት 3 ለአንድ ዓይን 2064 በ2208 ፒክስል ያሳያል፤ የእይታው ስፋትም 110 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ወር የወጣው ፕሌይስቴሽን ቪአር2 ከግራን ቱሪስሞ 7 የመኪና ውድድር ጨዋታ ጋር ይሠራል፤ ፕሌይስቴሽን 5 ላላቸው ሰዎችም ሦስት ሞኒተር ማገናኘት ስለማይቻል ከአንድ ስክሪን የሚሻገሩበት መንገድ ይህ ነው።

ጉዳቱ ሰውነት ላይ ነው። ዓይን መኪናው እየዞረ ነው ሲል፣ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ደግሞ ምንም አልተንቀሳቀስንም ይላል፤ ከዚህ ግጭት ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ይመጣል። ብዙ ሰዎች በአጫጭር ልምምድ ይላመዱታል፤ ጥቂቶች ጨርሶ አይላመዱትም። ማቅለሽለሹ እንደጀመረ ማቆም ይገባል፤ ታግሎ መቀጠል ልምዱን ያከብደዋል። ምስሉ ከተንቀራፈፈ ችግሩ ስለሚብስ ኮምፒውተሩ በሰከንድ ወደ 90 ምስል ሳያቋርጥ መስጠት አለበት። መነጽሩ ይሞቃል፣ ያደረገውንም ሰው ያልበዋል፤ እጅን፣ ቁልፎችንና የውኃ ብርጭቆን ከዓይን ይሰውራል። ረጅም ውድድር ለሚወዳደር ሰው ሞኒተር ይሻላል፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ መኪናው ውስጥ የተቀመጡ ያህል መሰማትን ለሚፈልግ ደግሞ ቪአር ወደር የለውም። መነጽር ለመግዛት ያሰበ ሰው ከመክፈሉ በፊት የጓደኛውን ተውሶ፣ ጠመዝማዛ ትራክ ላይ ጥቂት ዙር መሞከር አለበት።

በጀቱ ውስን የሆነ አንባቢ አንድ ባለ 32 ኢንች ሞኒተር ይግዛ፤ ወደ መሪው ያስጠጋው፣ ማዕዘኑንም በልኩ ያስገባ። ሲገዛ ከጀርባው ቬሳ የሚባሉት አራት የማሰሪያ ቀዳዳዎች መኖራቸውን ይይ፤ ከሌሉ ክንድ ላይ ማሰር አይቻልም። ወደፊት ወደ ሦስት የማሳደግ ሐሳብ ካለውም ጠርዙ ቀጭን የሆነውን ይምረጥ፤ የቀሩትን ሁለቱን ሳይዘገይ ይግዛ፤ የሞኒተር ሞዴሎች ከገበያ ቶሎ ይጠፋሉ።