ሲመለስ የሚቆጠርለት ትምህርት

ተማሪን «ውጭ አገር ሄደህ ተማር» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ተማሪው ግን ከምክሩ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነገር አለ፤ እዚያ የወሰድኳቸው ኮርሶች ስመለስ ይቆጠሩልኛል ወይስ ከጓደኞቼ አንድ ዓመት ወደኋላ ልቀር ነው?

ኢጣሊያዊቷ የሕግ ተማሪ ሶፊያ ኮራዲ በ1950ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን ይዛ ሮም ስትገባ፣ ትምህርቱ አይያዝልሽም ተባለች። ነገሩን አልተወችውም፤ ለዓመታት ባለሥልጣናትን ስትወተውት ኖረች። ኢራስመስ የተባለው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ በ1987 ሲጀመር ስሟ አብሮ የሚነሳው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ከ11 አገሮች የሄዱት 3,244 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ተጠቃሚው በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ይህን ያህል ሰው ያንቀሳቀሰው ቅስቀሳ ነው ብዬ አላምንም። ትልቁን ሥራ የሠራው ከ1989 ጀምሮ የተሞከረው አሰልቺ የሚመስል የክሬዲት አቆጣጠር ነው። ሊዝበን ይሁን ዋርሶ፣ የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ክሬዲት ነው። ተማሪው ሻንጣውን ሳያነሳ የሚወስዳቸው ኮርሶች ይዘረዘሩና እሱ፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ይፈራረማሉ። ካለፈ፣ ላኪው ሊቆጥርለት ይገባል። ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲም የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። (የእኔን ኮርስ አይተካም የሚል መምህር ዛሬም አይጠፋም፤ ተማሪው ግን በእጁ ፊርማ አለው።) በድርጅት ውስጥ ለሚደረግ ኢንተርንሺፕም ተመሳሳይ ውል ይፈረማል።

ውሉ የማይፈታው የገንዘቡን ጉዳይ ነው። ድጎማው ኑሮን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ ኪራይ በሚወደድበት ከተማ ጉድለቱን የሚሞላው የወላጅ ኪስ ነው። ከ2021 ወዲህ አቅም ለሌላቸው በወር 250 ዩሮ ይጨመራል። ደግ ነው፣ ግን ለፓሪስ ኪራይ ብዙ አያራምድም።

እኛ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በ2004 የተጀመረው ኢራስመስ ሙንዱስ ነው። እሱ ሙሉ ማስተርስ ስለሆነ የኮርስ መተካካት ጣጣ የለበትም። ለአንድ ሴሚስተር ብቻ ወደ አውሮፓ የሚላክ የኢትዮጵያ ተማሪ ግን ኮራዲ የገጠማት ጥያቄ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ቪዛውን ከማሰቡ በፊት ዲፓርትመንቱ ኮርሶቹን በጽሑፍ እንዲያጸድቅለት፣ ረጂስትራሩም እንዲያውቀው ማድረግ አለበት።