ስለ ግዝት ቃል

ከጉንደ ወይን አገር የመጣን ተማሪዎች ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነገር አለ። የአንድ ገበሬ በሬ ሲጠፋና ምስክር ሲታጣ ነገሩ ወደ ካህኑ ይደርሳል። ካህኑም ከቅዳሴ በኋላ መስቀሉን ይዞ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ያየ እንዲናገር፣ የደበቀ እንዲያወጣ ይገዝታል። ወረቀት የለም፤ ማኅተም የለም፤ ያለው ቃል ብቻ ነው። ብዙ ጊዜም ከጥቂት ቀን በኋላ በሬው ሜዳ ላይ ተለቆ ይገኛል። ማን እንደለቀቀው የሚጠይቅ የለም።

አንዳንዶቻችን ይህን የባላገር ፍርሃት ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ካህኑ የሚያስረው በራሱ ኀይል ሳይሆን ጌታ ለሐዋርያት በሰጠው የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ነው። ስለዚህ ቃሉ አንድ ጊዜ ከአፉ ከወጣ የእርሱ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ቢጸጸት እንኳ ዝም በማለት አይሽረውም፤ በቃል የታሰረ በቃል መፈታት አለበት። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 12 ሰው ስለ ከንቱ ቃል ሁሉ መልስ እንደሚሰጥ የተነገረውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። (ስለ አንድ የጠፋ ጠፍር የሚያስገዝቱም አሉ፤ እኛ ይህን አንወድም።)

ታዲያ የተገዘተ ሁሉ ይጸናልን? በ1921 ዓ.ም. ለጵጵስና ከተሾሙት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መካከል አቡነ ጴጥሮስና አቡነ አብርሃም ይገኙ ነበር። የሁለቱም ሥልጣን አንድ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡም ምድሪቱም ለፋሺስት እንዳይገዙ አውግዘው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። የጎጃሙ ጳጳስ አቡነ አብርሃም ግን ለጠላት አደሩ፤ በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች የቤተ ክርስቲያኒቱ አለቃ አደረጓቸው፤ እርሳቸውም አርበኞቹን አወገዙ። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ እርሳቸውን አወገዘች።

እንግዲህ በሬ ሰርቆ ከግዝት የተነሣ እንቅልፍ የሚያጣው የጎጃም ገበሬ የገዛ ጳጳሱን ግዝት ሰምቶ ጠመንጃውን አላስቀመጠም። በላይ ዘለቀና ሌሎቹ የጎጃም አርበኞች እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በዱር ቆዩ። እኛ እንደሚመስለን ሕዝቡ ሥልጣኑን አልናቀም፤ ተናጋሪው ራሱ ከቃሉ በታች መቆሙን ተመለከተ እንጂ። አንደኛው በገዛ ግዝታቸው ታስረው ወደ ሞት ሄዱ፤ ሁለተኛው ሌላውን አስረው እርሳቸው ከገዢው ማዕድ ተቀመጡ።

ይሁን እንጂ ነገሩ ለሁሉም እኩል ቀሎ ነበር ማለት አንችልም። የንስሓ አባቱ አብሮት የዘመተ አርበኛ መካሪ ነበረው። የንስሓ አባቱ ከጳጳሱ ጋር ያደረበት ሰውስ በዐቢይ ጾም ማን ዘንድ ሄዶ ምን ብሎ ይናዘዝ ነበር?