ቀለም አዘል ማኅተም
ቀለም አዘል ማኅተም የቀለም ስፖንጁን በውስጡ የያዘ የእጅ ማኅተም ነው። የተቀረጸበት ጎማ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ ስፖንጁ ላይ ያርፋል፤ እጀታው ሲጫኑት ተገልብጦ ወረቀቱ ላይ ያትማል፤ ሲለቁት ስፕሪንጉ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በኢትዮጵያ በቢሮ ስምና ማዕረግ የሚታተምበት «ቲተር» በዚህ መልክ ይሠራል።

ለእጅ ሥራ ካርድ የመልካም ምኞት ቃል ይቀረጽበታል። መስከረም 1 ቀን ልጆች አበባና መልአክ ሥለው በሚያድሉት የእንቁጣጣሽ ወረቀት ላይም ሥዕሉን ለእጅ ትቶ ጽሑፉን ብቻ ያትማል።

ፊደሉ ካነሰ የ«ሌ» ቀለበት በቀለም ተሞልቶ «ሊ» ይመስላል። ኦሮምኛ በቁቤ በሚጻፍባቸው እንደ አምቦ ባሉ ከተሞች አማርኛውንም በአንድ ጎማ ላይ ማጨቅ ፊደሉን ያሳንሰዋል፤ ለየቋንቋው የተለየ ማኅተም ይሻላል። ውኃ አዘል ቀለም በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ቶሎ ስለማይደርቅ ሻካራ ወረቀት ይመረጣል።